ጭብጥ

መጽሐፉስ ተራ ያውቃል፤ ከፅንስ ነው መነሻው፣
ጨቅላ፣ ሕፃን፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳ፤ እርጅና መድረሻው።
የኔ የልምምድ ድልድል ግን በጽሕፈት ቤቱ ተዛባና
በኋለኛው በር ገባሁ፣ ከምዕራፍ ዘጠኝ፣ ከእርጅና።

ላይፕዚግ፣ ኅዳር ወር፤
በኛ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በነሱ ስድስት፣
ሰማዩ ያልታጠበ ድስት፤
የከተማው ባቡር ሐዲዱ ላይ እያፏጨ
በአረጋውያኑ ቤት መስኮት የብርሃን ጠብታ ረጨ።

ክፍል ሰባት፣ ወይዘሮ ኢርምጋርድ፣ ዘጠና ሦስት ዓመቷ፤
ስሟ እንደ ጓንት ጠፍቶባታል፤ እጇ ግን አለ ከነጉልበቷ።
ላጥባት ጎንበስ ስል ድንገት መዳፏን ጣቴ ቢነካ፣
ክርችም አለብኝ በሩ፤ ቁልፍ የለውም ለካ።
ውሃው በሳህኑ ቀዘቀዘ፣ አረፋው ደረቀ ክንዴ ላይ፣
እሷ ወደ መስኮቱ ታያለች፣ እኔ ሰዓቴን ሳይ።

ሚሌና ከበሩ ሳቀች፦ «ሕፃን ሆናለች በቃ!»
እኛም ዘንድ «ሲያረጁ ልጅ» ይባላል፤ ይፈረዳል ያለ ጠበቃ።
እኔም በመዝገቡ ጻፍኩ፦ «እንደ ሕፃን ትጨብጣለች።»
ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ።
(ፊርማዬ ያምር ነበር። በኋላ ያሳፈረኝ እሱ ነው።)

በጥር ወደ ማዋለጃው ተዛወርኩ፣ ወደ ምዕራፍ ሁለት፤
መንገዱ በረዶ ለብሶ፣ ጨው እየተበተነበት።
የአንድ ቀን ጨቅላ ነው፤ ስም የለው፣ በእጁ አንጓ ቁጥር ብቻ፤
ተኝቷል ፊቱን አጨማዶ፣ ሰው መስሎ የሰለቸው ዘመቻ።

«ጣትሽን መዳፉ ላይ አድርጊ» አለች መምህርት ሊንድነር።
አደረግሁ። ጨበጠኝ።
«ይህ በአምስት በስድስት ወሩ ይጠፋል» አለች፣
«ሲጠፋ ነው እጁ የራሱ የሚሆነው፤
መያዝን ብቻ ሳይሆን መልቀቅን ሲያውቅ።
አንዳንዴ፣ አንጎል ሲጎዳ፣ በእርጅና ይመለሳል።
ገጽ ሁለት መቶ አሥር።»

ገጹን አልገለጥኩም። ጣቴ ቀድሞ አስታወሰ።

የልጁ ጭብጥ ገና ባዶ ነው፣
ሳንቲም እንዳልገባበት አዲስ ኪስ።
የሷ ግን... ቆይ፣
የሷ ዝም አይልም ነበር።
አውራ ጣቷ ይገፋ ነበር፣ ወደ ግራ፣ በቀስታ፣
ከዚያ ይመለሳል፣ ያርፋል፤
ያውም ባቡሩ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ።
ስንት ጧት አጠገቧ ቆሜ፣
ሰዓቴን ነበር ሳይ።

ቅዳሜ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ተመለስኩ ክፍል ሰባት።
ልጇ ኡቴ ከመሳቢያው ፎቶ አወጣችልኝ፦
ባርኔጣ ያጠለቀች ወጣት፣ የባቡር መስታወት ከፊቷ፣
መዘውሩ ላይ ያረፈ ያው ቀኝ እጇ።
«ሃያ ስድስት ዓመት ነዳች» አለች ኡቴ፣
«አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም፤
ለኔ ልደት እንኳ የመጣችው ፈረቃዋን ጨርሳ ነው።»
ይህን ስትል መሳቋ ይሁን መቀየሟ አልገባኝም።

ጣቴን ሰጠኋት። ጠበቅን፣ ሁለታችን።
መጣ፤ ከኩርባው ማዶ እያፏጨ፣
የመድኃኒቱ ብርጭቆ በጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።
እሷ ጣቴን ወደ ግራ ገፋችው፣ ያዘችው፣ አላላችው፣
እና አልጋው፣ ወንበሩ፣ ሾርባው፣ እኔ፣
ሁላችንም ጣቢያው ላይ ቆምን።
አንድ ተሳፋሪ አልተንገዳገደም።

ፈተናው ሰኔ ላይ ነበር። ጥያቄ አሥራ ስምንት፦
«የመጨበጥ ምላሽ መቼ ይጠፋል? በእርጅና ቢመለስ ምን ያመለክታል?»
የሚፈለገውን ጻፍኩ፤
ነጥቡ ያስፈልገኛል፣ የመኖሪያ ፈቃዴም።
ግን በወረቀቱ ጠርዝ፣ በእርሳስ፣
አራሚው በማያነበው ፊደል፦
«ልጅ አይደለችም። ሹፌር ናት።»

ላጲስ አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።